ገልብጡት፦ የአንድ መሬት ላይ ላይከን ስም ፍለጋ

ቦታው

መንገድ ሲወጣ ተቆርጦ የቀረ የአፈር ግድግዳ ነው። አናቱ ሣር አለው። መሀሉ ሞስ (እንደ ምንጣፍ የሚተኛ አጭር አረንጓዴ ተክል) ለብሷል። ወደ ታች ያለው ገና ባዶ አፈር ነው። ባዶው አፈርና ሞሱ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ግራጫ፣ ክብ ክብ ያሉ፣ መሬት የያዙ ነገሮች አሉ። ትንሾቹ የትንሿን ጣት ጥፍር አያህሉም። ትልልቆቹ ሦስት አራት ሴንቲሜትር ይሆናሉ።

የሥራው ዓላማ አጭር ነው። የዚህን ነገር ስም እስከ ዝርያው ድረስ ማወቅ፣ ለምን ሌላ ስም እንደማይሰጠውም መናገር መቻል። ማስታወሻውን ከሥራው እኩል ስለምጽፈው መልሱ ወደ መጨረሻ ነው የሚመጣው። የቸኮለ ወርዶ ማየት ይችላል፤ አልቀየምም።

መጀመሪያ የሚጣራው ላይከን፣ ማለትም የፈንገስና ከብርሃን ምግብ የሚያዘጋጅ ሌላ ፍጡር ጥምረት፣ መሆኑ ነው። እርጥብ አፈር ላይ ተዘርግቶ የሚኖር ጠፍጣፋ ነገር ሁሉ ላይከን አይደለም። ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንዱ ሊቨርዎርት ነው፤ የሞስ ዘመድ የሆነ ትንሽ ተክል፣ አንዳንዱ ዓይነት ግንድም ቅጠልም ሳይለይ መሬት ላይ ይተኛል። ሌላው ኖስቶክ የሚባለው ሳይኖባክቴሪያ ነው፤ እንደ ተክል ከብርሃን ምግብ የሚያዘጋጅ ባክቴሪያ። ብቻውን ሲኖር ዝናብ ሲያገኝ አብጦ ልጋግ ይሆናል፣ ሲደርቅ ጠቁሮ ይሰባበራል።

አንድ ጠርዝ ቀደድ አድርጌ በ10 እጥፍ የእጅ አጉሊ መነጽር አየሁት። ሊቨርዎርት ቢሆን ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ውሃ ባዘለ ነበር። ብቻውን ያለ ኖስቶክ ቢሆን ደግሞ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ልጋግ ነበር የሚሆነው። ይኼኛው ንብርብር አለው። ከላይ ግራጫ ቆዳ፣ ከቆዳው ሥር በጣም ቀጭን ጠቆር ያለ ሰማያዊ መስመር፣ ከዚያ በታች የላላ ነጭ ክር። ላይከን ነው፣ አለቀ።

ላይከን አንድ ፍጡር ይመስላል እንጂ አይደለም። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል። አልጌው ወይም ሳይኖባክቴሪያው ውስጥ ሆኖ ከብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንደነር በ1867 እ.ኤ.አ. ይህን ሲያቀርብ በዘመኑ ከነበሩት የላይከን ሊቃውንት ብዙዎቹ አልዋጥላቸው አለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ለእኛ ሥራ የሚጠቅመው ይሄ ነው፤ የላይከን የዝርያ ስም የፈንገሱ ስም ነው። ውስጥ ያለው ሳይኖባክቴሪያ የራሱ ሌላ ስም አለው። ስለዚህ የምንፈልገው የባለቤቱን ስም ነው፤ የተከራዩን አይደለም።

ከዝናብ በኋላ

ደርቆ ያየሁትን ረጥቦ ላየው ተመልሼ ሄድኩ። ግራጫው ጠፍቷል። አሁን ቡናማ የተቀላቀለበት ጥቁር ነው፣ ለስላሳና ታጣፊ። ይህ ለውጥ ራሱ መረጃ ነው። ውስጡ አረንጓዴ አልጌ ያለው ላይከን ሲረጥብ ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል። ሳይኖባክቴሪያ ያለበት ግን ወደ ጥቁር፣ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል። ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ሁለቱንም አንሱ፣ ደረቁንም እርጥቡንም። ከላይ ብቻ፣ ያውም ደረቅ ሳለ የተነሳ አንድ ፎቶ ማንንም የትም አያደርስም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አረንጓዴ አልጌ ያላቸው ላይከኖች ከእርጥብ አየር ብቻ ነቅተው ሥራ መጀመር ይችላሉ። ሳይኖባክቴሪያ ያላቸው ግን ጉም ቢሸፍናቸውም እርጥበቱ ብቻ አይበቃቸውም። ፈሳሽ ውሃ ሊነካቸው ይገባል። የእኛዎቹ ከግድግዳው ላይ ውሃ የሚንጠባጠብበትን ቦታ መርጠው መቀመጣቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ገለበጥኩት።

መሬት ላይ የሚኖር ቅጠላማ ላይከን ስሙን የሚናገረው ከሥሩ ነው። የላዩ መልክ በፀሐይ፣ በዕድሜ፣ በአቧራ ይለዋወጣል። ታችኛው ብዙ አይዋሽም። ለመገልበጥ ግን ደረቅ ሳለ አትንኩት፤ ይፈረካከሳል። በሚረጭ ጠርሙስ ውሃ አርከፍክፉበት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ የቢላ ጫፍ ከሥሩ አስገብታችሁ ከነአፈሩ አንሱት። አፈሩ በውሃ ጠብታና በለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያለ ይለቃል። እዚህ ላይ ትዕግሥት የሌለው ሰው ክሮቹን በጥሶ ይጨርሳቸዋል።

ታችኛው ፊቱ ነጭ ነው፣ ቆዳ የለውም። ታችኛውን ፊት የሸፈነው የፈንገሱ ክር ብቻ ነው። በዚያ ነጭ ላይ ከፍ ከፍ ያሉ መስመሮች እየተገናኙና እየተለያዩ ይሄዳሉ፤ በዕድሜ በገፋ ሰው እጅ ጀርባ ላይ የሚታዩትን የደም ሥሮች ይመስላሉ። ከመስመሮቹ ላይ ወደ አፈሩ የሚወርዱ ክሮች አሉ። ራይዚን ይባላሉ። ሥር አይደሉም፣ ምግብ አይስቡም፤ ሥራቸው መያዝ ነው።

ታችኛው ቆዳ የለም፣ መስመር አለ፣ ራይዚን አለ፣ አካሉ ቅጠላማ ነው፣ አፈር ላይ ይኖራል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስታዩ ጂነሱ (ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚመደቡበት ወገን) ፔልቲጄራ ነው። እስከዚህ ድረስ ጥርጣሬ አልቀረኝም።

አወሳሰድ

ባለቤት ያለው ወይም የተከለለ ቦታ ከሆነ ሳታስፈቅዱ አትንኩ። ብዙ ያለበት ቦታ ካልሆነም አትውሰዱ። እኔ ከየመልኩ ትንሽ ትንሽ ነው የወሰድኩት፣ የቀረው በቦታው ነው። ወረቀት ፖስታ ውስጥ ገባ። ላስቲክ ውስጥ ከከተታችሁት በማግስቱ ሻጋታ ነው የምታገኙት። ፖስታው ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነና ጎረቤት ምን እንደበቀለ እዚያው ቆሜ ጻፍኩ። ቤት ገብቼ እጽፋለሁ ማለት አልጽፍም ማለት ነው።

ማን ማን ወጣ

ፔልቲጄራ ብዙ ዝርያ ያለው ጂነስ ነው። የመለያ ቁልፍ (ጥያቄ በጥያቄ ወደ ስም የሚያደርስ ዝርዝር) ይዞ ከመጀመሪያው መስመር እየወረዱ መሄድ ይቻላል። እኔ ግን በማጥፋት መሥራት ይቀናኛል። ስሞቹን ደረደርኩና አንድ በአንድ ምክንያት ፈለግሁላቸው።

አረንጓዴ አልጌ ያላቸው መጀመሪያ ወጡ። ፔልቲጄራ አፍቶሳና ፔልቲጄራ ሊውኮፍሌቢያ ሲረጥቡ ደማቅ አረንጓዴ ናቸው፣ ላያቸው ላይ ደግሞ ጠቆር ያሉ ትናንሽ ኪንታሮት መሳይ ነጠብጣቦች አሉባቸው። ሴፋሎዲያ ይባላሉ፣ ኖስቶኩን ለብቻው የሚያኖሩበት ክፍል ነው። የእኛው ላይ ይህ የለም። ፔልቲጄራ ቬኖሳም አረንጓዴ ስለሆነ አብሮ ወጣ።

ቀጥሎ ጸጉር። የቅጠሉን ጠርዝ በአጉሊ መነጽር ከጎን ብርሃን እያበሩ ሲያዩት ስስ፣ የተኛ፣ ነጣ ያለ ጸጉር አለው። ወደ መሀል ሲኬድ ይሳሳል፣ ጠርዙ ላይ ግን ግልጽ ነው። ስለዚህ ላያቸው የሚያብረቀርቀው ፔልቲጄራ ሆሪዞንታሊስና ፔልቲጄራ ፖሊዳክቲሎን ወጡ። ይህን ምልክት ከራስ በላይ ብርሃን አታዩትም። መብራቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን አብሩት፣ ያኔ ብቅ ይላል።

ከጸጉራሞቹ ውስጥ ታዋቂው ፔልቲጄራ ካኒና ነው። ስሙ ከውሻ ጋር የተያያዘው በከንቱ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከቁንዶ በርበሬ ጋር ተፈጭቶ ያበደ ውሻ ለነከሰው ሰው ይሰጥ ነበር። የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር። እንደማይሠራ መናገር አያስፈልገኝም። ካኒና ትልቅ ነው፤ ቅጠሎቹ ሰፋፊ ናቸው፣ አንዱ አካል ከመዳፍ በላይ ሊዘረጋ ይችላል። የእኛዎቹ ከነሙሉ አካላቸው ሦስት አራት ሴንቲሜትር ናቸው። መጠን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ትንሽ ያልሆነ ዝርያ ሁሉ አንድ ቀን ትንሽ ነበር። ስለዚህ ካኒናን አላወጣሁትም፣ ለጊዜው ወደ ዳር አደረግሁት።

ፔልቲጄራ ፕሬቴክስታታ ጠርዙና የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ጥቃቅን ቅጠሎች ያበቅላል። የእኛው የለውም፤ ወጣ። ፔልቲጄራ ሩፌሰንስ ፀሐይ ይወዳል፣ ጠርዙ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ከሥሩ ያሉት መስመሮች ጥቅጥቅ ብለው ይጠቁራሉ፣ ራይዚኖቹም እርስ በርስ ተያይዘው ምንጣፍ ይሆናሉ። የእኛው መስመሮቹ ገረጣ ያሉ፣ ራይዚኖቹም አንድ አንድ ሆነው የወረዱ ናቸው። ይሄም ወጣ።

የቀረው ነገር ላዩ ላይ ያለው ዱቄት ነው። እሱ ነው ሥራውን ያወሳሰበው።

ሁለት ይመስላሉ

ግድግዳው ላይ ያሉት ሁሉ አንድ መልክ የላቸውም። ሁለት ቡድን አድርጌ ለይቼ አስቀመጥኳቸው።

የመጀመሪያዎቹ ትንሾቹ ናቸው። አብዛኛዎቹ አንድ ክብ ቅጠል ብቻ ናቸው፣ ጠርዛቸው ወደ ላይ ከፍ ብሎ መሀላቸው ጎድጎድ ያለ። ላያቸው ላይ ክብ ክብ የሆኑ፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚሰፉ፣ ግራጫ ዱቄት የሞላባቸው ቦታዎች አሉ። ሶራሊያ ነው። ዱቄቱ ሶሬዲያ ይባላል። እያንዳንዷ ቅንጣት በፈንገስ ክር የተጠቀለሉ ጥቂት የኖስቶክ ሕዋሶች ናት። ነፋስ ወይም የዝናብ ጠብታ ይወስዳታል፣ ባዶ አፈር ካገኘች ሁለቱም አጋሮች አብረው ስላሉ ወዲያው ኑሮ ትጀምራለች። አቋራጭ መንገድ ነው። ፈንገሱ በራሱ ስፖር (እንደ ዘር በሚያገለግል ደቃቅ ነገር) ሲራባ ግን የሚወድቀው ብቻውን ነው፣ አጋሩን ከአዲስ መፈለግ አለበት።

ሁለተኛዎቹ ተለቅ ያሉት ናቸው። ቅጠሎቻቸው ተከፋፍለዋል። ዱቄት የላቸውም። በምትኩ ከጠርዛቸው ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ ጠባብ ጣቶች አሉ፣ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ኮርቻ ቅርጽ ያለው ገበታ። አፖቴሲያ ነው፣ ፈንገሱ ስፖር የሚያፈራበት።

ማንም ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያይ ሁለት ዝርያ ናቸው ይላል። የቀደሙት የላይከን ሊቃውንትም ብለዋል። በድሮ ጽሑፎች ፔልቲጄራ ኢረምፐንስና ፔልቲጄራ ስፑሪያ የሚሉ ስሞች ታገኛላችሁ፤ ዛሬ ሁለቱም በፔልቲጄራ ዲዳክቲላ ሥር ተጠቃለዋል። ዲዳክቲላ በልጅነቱ ዱቄት ያወጣል፣ ሲያድግ ዱቄቱን ትቶ አፖቴሲያ ያወጣል። አንድ ዝርያ ነው፣ ሁለት ዕድሜ።

ይህን ማንበብ አንድ ነገር ነው። የእኔ ግድግዳ ላይ ያሉትም እንዲያ መሆናቸውን ማሳየት ሌላ ነገር ነው። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች አንድ አፈር ላይ ጎን ለጎን ቢበቅሉ ምን ይከለክላቸዋል? ምንም። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ መሀል ላይ ያለው ነበር፤ ከልጅነት ወጥቶ ገና ያልጎለመሰ።

ፍለጋው አሰልቺ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይን ላይ ለጥፎ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ማሰስ ነው። ወገብ ይጮኻል። መንገደኛ ቆም ብሎ «ምን ጠፋብህ?» ይላል። «ላይከን» ስትለው ዝም ብሎ ይሄዳል።

ተገኘ። ሁለት ሴንቲሜትር የሚሆን አካል ነው፣ ቅጠሉ ወደ ሦስት ተከፍሏል። ጠርዙ ላይ ገና ያልተከፈተ፣ እጥፍ ያለ ትንሽ ጣት አለ፤ ጫፉ መቅላት ጀምሯል። የዚያው ቅጠል መሀል ላይ ግን ሁለት ክብ ጠባሳዎች አሉ። ዱቄቱ ተበትኖ አልቆባቸዋል፣ ጥቂት ቅንጣት ጠርዙ ላይ ቀርታለች፣ ሥር ያለው ነጭ ክር ይታያል። አንድ ቅጠል ላይ ሁለቱም ምልክት አለ ማለት ነው። ከሥሩ ገልብጬ ሳየው መስመሩም ራይዚኑም ከትንሾቹና ከትልልቆቹ ጋር አንድ ነው። የተሻለ ማስረጃ አልፈልግም።

ዳር የተቀመጠው ካኒናም አሁን ወጣ። ካኒና በምንም ዕድሜው ሶራሊያ አያወጣም። ሶራሊያ ያለው ሌላ ፔልቲጄራ አለ፣ ኮሊና ይባላል። የእሱ ዱቄት ግን በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ነው የሚደረደረው እንጂ እንዲህ ፊቱ ላይ ክብ ክብ ሆኖ አይወጣም። ላዩም ጸጉር የለውም፣ በብዛት የሚገኘውም ዛፍ ላይ ነው።

በረኪናው

እዚህ ሲደርስ ብዙ ሰው ስሙን ጽፎ ያቆማል። ፊት ላይ ክብ ሶራሊያ፣ ትንሽ አካል፣ ባዶ አፈር፣ ዲዳክቲላ፣ ቻው። ግን አንድ መንታ የሚመስል ዘመድ ይቀራል፤ ፔልቲጄራ ኤክስቴኑዋታ። ለረጅም ጊዜ የዲዳክቲላ ንዑስ ዓይነት ተደርጎ ሲቆጠር የኖረ ነው። በ2003 በጂን ንጽጽር የወጣ ጥናት የዲዳክቲላን ቤተሰብ፣ ማለትም እሱንና የቅርብ ዘመዶቹን፣ አምስት ዝርያ አድርጎ ለይቶታል፣ ኤክስቴኑዋታም ራሱን ችሎ ቆሟል።

ሁለቱን የሚለየው ምንድነው? አንድ ከሥር የሚታይ ነገርና አንድ ኬሚካል። ከሥሩ የዲዳክቲላ ራይዚኖች አጫጭርና ብዙ ያልተበተኑ ናቸው። የኤክስቴኑዋታ ግን ረዝመው፣ ነጥተው፣ ተበትነው ይጠላለፋሉ። ኬሚካሉ ደግሞ ጋይሮፎሪክ አሲድ ነው። ኤክስቴኑዋታ ሶራሊያው ውስጥ አለው፣ ዲዳክቲላ የለውም። ጋይሮፎሪክ አሲድ ያለበት ቦታ ላይ በረኪና ሲነካ ይቀላል።

አዎ፣ የልብስ ማንጪያው በረኪና። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። የላይከን ሰዎች በአንድ ፊደል «ሲ» ይሉታል። «ኬ» ደግሞ በውሃ የሟሟ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ በብዛት 10 በመቶ አካባቢ። ይህን ዘዴ በ1866 ያስተዋወቀው ፊንላንዳዊው ዊልያም ኒላንደር ነው። የሚገርመው ይኸው ሰው ላይከን የሁለት ፍጡራን ጥምረት ነው የሚለውን የሽቬንደነርን ሐሳብ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተቀበለም። በኬሚካሉ ግን ዛሬም ድረስ ሁላችንም የእሱ ተማሪዎች ነን።

ጥንቃቄ ትንሽ። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። በረኪና ከአሲድ ጋር አይቀላቀልም፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የምትሞክሩትም ከናሙናው ላይ በተቆረጠች ቁራጭ ላይ ይሁን፣ ያቺን ቁራጭ ወደ ፖስታው አትመልሷት። «ፒ» የሚባል ሌላ ኬሚካል አለ፣ ፓራፌኒሊንዳያሚን። እሱ ለጤና አደገኛ ነው፤ ለዚህ ሥራም አያስፈልግም፣ ቤት ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

በረኪና ሲቆይ ይሞታል። ጠርሙሱ ከተከፈተ ወዲህ ጊዜ ከሄደበት ምንም ነገር አያቀላም፣ እናንተም «አልቀላም» ብላችሁ ስም ትሰጣላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ በእርግጠኝነት በሚቀላ ነገር ላይ ይሞከራል። እኔ የተጠቀምኩት ዲፕሎሺስተስ የሚባል ነጣ ያለ ቅርፊት መሳይ ላይከን ነው፣ ሌካኖሪክ አሲድ አለበት። በቀጭን እንጨት ጫፍ ጠብ አደረግሁበት። ወዲያው ቀላ። በረኪናው ሕያው ነው።

ከዚያ ሶራሊያው ላይ። አጉሊ መነጽሩን አስጠግቼ፣ ዓይኔን ሳልነቅል፣ ጠብታ አሳረፍኩ። ቀለሙ ሊመጣና በሰከንዶች ውስጥ ሊጠፋ ስለሚችል ጠብታው ከማረፉ በፊት ማየት መጀመር አለባችሁ። ግራጫው ዱቄት እርጥብ ሆነ፣ ጠቆረ። ቀይ የለም።

ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ዱቄቱ ራሱ ጠቆር ያለ ስለሆነ ስስ ሮዝ ቀለም ሊደብቅ ይችላል። ለዚህ ጥሩ ዘዴ አለ። ጥቂት ዱቄት ነጭ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ይደረጋል፣ በላዩ አሴቶን ጠብ ይደረጋል። አሴቶኑ የላይከኑን አሲድ አሟሙቶ ወደ ወረቀቱ ይዞት ይሰራጫል፣ ከዚያ ይተናል። ዱቄቱን አራግፎ በነጩ ወረቀት ላይ በረኪና ጠብ ማድረግ ነው። አሲዱ ካለ ነጭ ላይ ቀይ ቀለበት ይወጣል፣ የሚደበቅበት የለውም። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳት አጠገብ አይሠራም።

ከዲፕሎሺስተሱ የወጣው ወረቀት ጥርት ያለ ቀይ ሰጠ። የእኛው ወረቀት ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከትንሾቹም ከመሀለኛውም ዱቄት ወስጄ ሞከርኩ፣ ውጤቱ አንድ ነው።

ራይዚኖቹም ተመልሰው ታዩ። አጫጭር ናቸው፣ ተለያይተው የወረዱ፣ ነጭ ምንጣፍ አልሠሩም። ኬሚካሉና ሥሩ አንድ ነገር ሲናገሩ ደስ ይላል። ቢጣሉ ኖሮ ኬሚካሉን ነበር የማስቀድመው፤ ራይዚን እንደ አፈሩ ሁኔታ ትንሽ ይረዝማል፣ ትንሽ ያጥራል።

ማይክሮስኮፕ

እውነቱን ለመናገር ስሙን ለማወቅ ይህ ክፍል ብዙ አይጨምርም። የፔልቲጄራ ስፖሮች በብዙ ዝርያዎች መካከል ይመሳሰላሉ። ግን ናሙናው እጄ ላይ ሳለ ሳላይ አልተውም።

እርጥብ ቅጠል በሁለት ጣት ተይዞ በአዲስ ምላጭ እየተላጠ ይቆረጣል። ከብዙ ወፍራም ቁራጭ መካከል አንድ ቀጭን ይገኛል፣ እሱ ይበቃል። ስላይድ ላይ ውሃ፣ ከላዩ መሸፈኛ መስታወት። በ400 እጥፍ ሲታይ ከላይ ግድግዳቸው ወፍራም የሆነ ክብ ክብ ሕዋሶች ያሉት ቆዳ አለ። ከሥሩ ኖስቶኩ ነው፣ ሰማያዊ አረንጓዴ ሕዋሶች በተጠማዘዘ ሰንሰለት። በሰንሰለቱ መሀል አልፎ አልፎ ገርጣ፣ ወፈር ያሉ ሕዋሶች ይታያሉ። ሄቴሮሲስት ይባላሉ። ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙት እነሱ ናቸው። ባዶና ደሃ አፈር ላይ ይህ ላይከን ቀድሞ የሚሰፍረው በዚህ ነው፤ ማዳበሪያውን ይዞ ነው የሚመጣው። ሲሞትም ለተከታዮቹ ይተወዋል።

ከአፖቴሲያው ሌላ ቁራጭ ወጣ። ስፖሮቹ የሚያድጉበት ከረጢት አስከስ ይባላል፣ በአንዱ ውስጥ ስምንት ስፖር አለ። አዮዲን ጠብ ሲል የአስከሱ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለበት ወጣ፤ የፔልቲጄራ ጠባይ ነው። ስፖሮቹ ቀለም የላቸውም፣ ረጃጅም መርፌዎች ናቸው፣ በመሀላቸው ተሻጋሪ ግድግዳዎች አሏቸው። ርዝመታቸው 50 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ከስሙ ጋር የሚጣላ ነገር አላገኘሁም።

ሀገር በቀል ነው ወይ?

ይህን ጥያቄ ሰዎች ስለ ዛፍ እንደሚጠይቁት ይጠይቁኛል። ዲዳክቲላ ከቀዝቃዛው ዋልታ አካባቢ እስከ ሐሩር ክልል ከፍተኛ ተራሮች ድረስ ይገኛል። ማንም አልተከለውም፣ ማንም ለጌጥ ከሌላ ቦታ አላመጣውም። ስፖሩንና ዱቄቱን ነፋስ ይዞለት ይዞራል፣ አፈር የተገለበጠበት ቦታ ሲያገኝ ይሰፍራል፤ የተቃጠለ መሬት፣ የተቆረጠ ዳገት፣ የተረገጠ መንገድ ዳር። ስለዚህ ሀገር በቀል ነው፣ ግን በአንድ ሀገር ብቻ የበቀለ አይደለም። ለአንድ ቦታ ብቻ የተወሰነ ብርቅ ነገር የጠበቀ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። እኔ ቅር አላለኝም። በዚህ ግድግዳ ላይ ብዙ የሚቆይም አይመስለኝም። ሞሱና ሣሩ እየወረዱ ነው፣ እነሱ ቦታውን ሲይዙ እሱ ሌላ ባዶ አፈር ፍለጋ ነው።

ፖስታው

ናሙናው በአየር ደርቆ፣ በስሱ ተጭኖ፣ ተባይ እንዳይበላው ለጥቂት ቀናት ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ክፍል ገብቶ ወጣ። አሲድ ከሌለው ነጭ ወረቀት በታጠፈ ፖስታ ውስጥ ተቀመጠ። ትንሹ፣ መሀለኛውና ትልቁ አንድ ላይ ናቸው፤ አንደኛው አካል ሥሩ እንዲታይ ተገልብጦ ካርድ ላይ ተጣብቋል። ወደፊት የሚያየው ሰው እንደ አዲስ አርጥቦ መገልበጥ የለበትም።

ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ፔልቲጄራ ዲዳክቲላ። የመንገድ ዳር የተቆረጠ አፈር፣ ከሞስ ጠርዝ። ሶራሊያ በቅጠል ፊት፣ በወጣቶቹ ላይ ብቻ። አፖቴሲያ በጎለመሱት ላይ፤ ሁለቱም ምልክት ያለው አንድ አካል አብሮ አለ። ራይዚን አጭር፣ ያልተጠላለፈ። ሲ አሉታዊ፣ በቀጥታም በአሴቶን ወረቀትም፤ በረኪናው በዲፕሎሺስተስ ተፈትኗል። የተለየው በመልክና በኬሚካል ነው፤ ዲኤንኤ አልተሠራም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል። የዲዳክቲላ ቤተሰብ አምስት ተብሎ በጂን በተለየበት ዘመን ስሙ በምን ላይ እንደቆመ ለሚመጣው ሰው መንገር ያስፈልጋል። ለዚያ ሲባል ኬሚካል ያልነካው አንድ ቅጠል ለብቻው በትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ እዚያው ፖስታ ውስጥ ገብቷል። የፈንገሶች መለያ ሆኖ የሚያገለግለውን አይቲኤስ የተባለ የጂን ክፍል ማንበብ የሚችል ሰው ሲገኝ ከእሱ ላይ ይቁረጥ።